አባባ ሸሚዝ ላይ የተሰፋው ቀይ ክብ ፓች የየትኛው ጦር ነው? (አዳማ)

አዳማዋ

ጤና ይስጥልኝ። የቆየ የወታደር ፓች፣ የክንድ አርማና የመለዮ ምልክት የምትሰበስቡ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አይቼ ነው የመጣሁት። እኔ ሰብሳቢ አይደለሁም።

አያቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አባባ ነው የምንለው። ባለፈው ሳምንት የቤታችን ቆርቆሮ ሊቀየር ስለሆነ ዕቃ ስናወጣ ከአልጋው ሥር የነበረችው የብረት ሳጥን ተከፈተች። እሱ በሕይወት እያለ ማንም አይነካትም ነበር። ውስጧ ያገኘነው ይህ ነው፦ አንድ ካኪ ሸሚዝ፣ ግራ ክንዱ ላይ ቀይ ክብ ፓች የተሰፋበት፣ መሃሉ ላይ ወገቧ የቀጠነ ጥቁር ቅርጽ ያለው። ሌላ ያልተሰፋ፣ ተመሳሳይ ምልክት ያለው ግን በጣም አዲስ የሚመስል። አንድ የወፍ ጥፍር ሁለት መብረቅ የጨበጠበት። አንበሳ ያለበት የናስ ቁልፍ። እና ወጣት ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር የተነሳው ፎቶ፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ «ጥቅምት 1945» ተብሎ የተጻፈበት።

አጎቴ አንድ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ጠርቶ ነበር። ሰውየው ፎቶ አንስቶ ውጭ አገር ላለ ጓደኛው ላከና ሲመለስ «1945 ከሆነ ኮሪያ ገና አልተጀመረም፣ ይህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የአሜሪካን ልብስ ነው፣ ሽማግሌው ከሰልባጅ ገዝተውት ይሆናል» አለ። ለሁሉም 1,500 ብር ሰጠን። እማማ (አያቴ ማለቴ ነው፣ ባለቤቱ) አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ሸሚዙን አጥፋ ጉልበቷ ላይ ይዛው ተቀመጠች። እኔ ነኝ አይሸጥም ያልኩት። አባባ ኮሪያ መዝመቱን ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። ሰውየው ልክ ነው ወይ?


የጥልፍ ጀርባ

እህቴ፣ እንኳንም አልሸጣችሁት። ሰውየው አንድ ነገር ዘንግቷል፤ «ጥቅምት» ብሎ የጻፈ ሰው ዓመቱንም በራሱ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው። ጥቅምት 1945 ማለት እንደ ፈረንጆቹ ጥቅምት 1952 ላይ ነው። የኮሪያ ጦርነት በጦፈበት ወቅት።

ምልክቱን በሚመለከት፦ የአሸዋ ሰዓት የሚመስለው ጥቁር ቅርጽ የተሠራው ከሁለት 7 ቁጥሮች ነው። አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ተገልብጦ ሲነባበሩ መሃሉ ይቀጥናል። የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር አርማ ነው። ቃኘው ሻለቃ (ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር) ኮሪያ ሲደርስ በዚህ ክፍለ ጦር ውስጥ በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ተመደበ፤ ስለዚህ የእኛም ልጆች ያንኑ ቀይ ክብ ክንዳቸው ላይ አሰፉ። ግራ ክንድ ላይ መሆኑም ትክክል ነው፤ በአሜሪካኖች ደንብ አሁን የምታገለግልበት ክፍል ምልክት ግራ ላይ ነው የሚሰፋው፣ ቀኝ ክንድ ቀደም ሲል አብረኸው ለዘመትከው ክፍል ነው።

ፎቶው የትኛው ቃኘው እንደሆነም ይነግረናል። አንደኛው ቃኘው ፑሳን የገባው በሚያዝያ 1943 መጨረሻ ነው። ሁለተኛው በመጋቢት 1944 ተተካ። ሦስተኛው በሚያዝያ 1945 ደረሰ። ስለዚህ ፎቶው ኮሪያ ውስጥ የተነሳ ከሆነ አባባ የሁለተኛው ቃኘው ሰው ናቸው። ወሩም ቀላል ወር አልነበረም። ጥቅምት 4 ቀን 1945 ነው 7ኛው ክፍለ ጦር ትሪያንግል ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ ማጥቃት የጀመረው።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። ሸሚዙን አትጠቢው። ፓቹን አትፍቺው። የሁለቱንም ገጽ፣ ማለትም ከላይም ከሸሚዙ ውስጥ በኩልም፣ በጠራ ብርሃን ፎቶ አንስተሽ አሳዪን። ያልተሰፋውንም ጠርዙ እንዲታይ አድርገሽ።


ሰልባጅ ተራ

እዚሁ አዳማ ነኝ፣ ሰልባጅ ነው የምሸጠው። ሰውየው ያለው ከየትም የመጣ ሐሳብ አይደለም። ቦንዳ ሲፈታ የወታደር ጃኬት ይወጣል፣ አብዛኛው የጀርመን ነው፣ ትከሻው ላይ ጥቁር ቀይ ቢጫ ትንሽ ባንዲራ ያለበት። አሜሪካንም ይወጣል። ግን እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ ከቦንዳ የኮሪያ ዘመን ሸሚዝ ሲወጣ አላየሁም። የሚመጣው ባለ ዚፕ፣ ባለ ቬልክሮ፣ ዝንጉርጉር ነው።

ከጃኬት የፈታኋቸው ወደ አርባ የሚሆኑ ፓቾች አሉኝ። የየትኛው ክፍል እንደሆኑ የማውቀው ግማሹን አይሞላም። የጥልፍ ጀርባ፣ አንድ ቀን ባሳይህ ደስ ይለኛል።


ሐዋሳ ሐይቅ ዳር

ለመጣደፍ አይደለም ግን ፈተና ሳይደረግ እውነተኛ ነው ማለት ልክ አይደለም። የ7ኛው ክፍለ ጦር ፓች በሺህ የሚቆጠር ቅጂ ያለው ነው። አዳማዋ፣ ባንክ ወይም ሱቅ ውስጥ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ሐምራዊ መብራት አለ። በጨለማ ክፍል ውስጥ አብርተሽ እዪው። የድሮ ጥጥ ክር አይበራም። አዲስ ፖሊስተር ክር ግን ነጭና ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ቦግ ካለ አዲስ ነው፣ አለቀ።


አዳማዋ

ጎረቤታችን ሱቅ ስላላቸው መብራቱን ተውሼ ማታ ሞከርኩት። ሁለቱም በሩ። ያልተሰፋው ጠርዙ በጣም ነው የሚበራው። ሸሚዙ ላይ ያለውም በራ፣ ሸሚዙ ራሱም በራ። እማማ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። «ምን አገኛችሁበት?» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ።

ፎቶዎቹን አያይዣለሁ። አንድ ሌላም ነገር አየሁ፤ ሸሚዙ ላይ ያለው ፓች የተሰፋበት ክር ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ እንደ ሸሚዙ ቀለም፣ ግማሹ ጥቁር።


ሐዋሳ ሐይቅ ዳር

እንግዲህ አዝናለሁ እህቴ። ሁለቱም ከበሩና ስፌቱም ሁለት ጊዜ ከሆነ፣ ፓቹ በኋላ የተሰፋ ነው። ሸሚዙ የድሮ ሊሆን ይችላል። ፓቹ ግን አይመስለኝም። ሽማግሌውን ውሸታም ማለቴ አይደለም፣ ብዙ ዘማቾች የመጀመሪያው ጠፍቶባቸው በኋላ ለሰልፍ ምትክ አስፍተዋል።


የጥልፍ ጀርባ

ቆይ፣ ቆይ። አንዱን ከአንዱ እንለይ።

መጀመሪያ ያልተሰፋውን። ፎቶው ላይ ጠርዙ ወፍራም፣ እንደ ገመድ የተጠቀለለ ነው። ያ ሜሮው በሚባል የጠርዝ ማሽን የሚሠራ ነው፤ ለፓች በስፋት የገባው እንደ ፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። እና በራ። ስለዚህ ያ ከኮሪያ ጦርነት በኋላ የተሠራ ነው፣ በዚህ ከሐዋሳው ወንድሜ ጋር እስማማለሁ። ምናልባት ከኮሪያ በስጦታ የመጣ ነው። ለጦርነቱ ማስረጃ አይሆንም፣ አባባ ያስቀመጡት በመሆኑ ግን አይጣልም።

የሸሚዙ ላይ ግን ሌላ ነው። ጠርዙ ላይ ያ ገመድ የለም። ጥልፉ እስከ ጫፍ ሄዶ ጨርቁ በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ ያ የቀድሞው አሠራር ነው። ፓቹ ከሸሚዙ ትንሽ በተላቀቀበት በኩል ባነሳሽው ፎቶ ደግሞ ከፓቹ ጀርባ ነጭ ክር እየተዘለለ፣ እየተቋጠረ ይታያል። በዚያ ዘመን ጃፓንና ኮሪያ ውስጥ ለወታደሮች የሚጠልፉ ባለሙያዎች ነበሩ፣ የእነሱ ሥራ እንደ አሜሪካ ፋብሪካ ልሙጥ አይደለም። የሁለቱ 7 ጫፎች እኩል አለመሆናቸውንም እዩ። ማሽን ብቻውን የሚሠራው እንዲህ አይዛነፍም፣ የሰው እጅ ይዛነፋል።

ታዲያ ለምን በራ? አዳማዋ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ። እማማ ያንን ሸሚዝ በኦሞ አጥበውት ያውቃሉ?


አዳማዋ

አሁን ጠየቅኳት። ስቃ አላየኋትም ነበር ካረፈ ወዲህ። «በኦሞ ነው እንጂ በምን ላጥበው? በየዓመቱ ለአድዋ በዓል ይለብሰዋል፣ እኔ አጥቤ ተኩሼ ነው የምሰጠው» አለችኝ። ጥቁሩ ክርም የእሷ ነው። አንድ ዓመት ፓቹ ከላይ በኩል ተቦጭቆ ነበር፣ ቤት ውስጥ የነበረው ክር ጥቁር ብቻ ስለሆነ በዚያ ሰፋችው። «የጦር ሠራዊት ስፌት የታችኛው ነው፣ የእኔ የላይኛው ነው» ነው ያለችው።


የጥልፍ ጀርባ

ያው ነው። ዱቄት ሳሙና ውስጥ ልብስ ነጭ እንዲመስል የሚያደርግ ኬሚካል አለ። ጨርቁ ውስጥ ይቀርና በሐምራዊ መብራት ያበራል። ስለዚህ ብርሃኑ የሚነግርሽ ክሩ አዲስ መሆኑን ወይም ሸሚዙ መታጠቡን ነው። የትኛው እንደሆነ አይነግርሽም። ፓቹም ሸሚዙም እኩል መብራታቸው ራሱ ምልክት ነበር፤ አዲስ ፓች አሮጌ ሸሚዝ ላይ ቢሰፋ ፓቹ ለብቻው ነበር ቦግ የሚለው።

ማረጋገጫ ከፈለግሽ ከፓቹ ጀርባ ከተንጠለጠሉት ክሮች አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ቁራጭ በወረንጦ ያዢና ከቤት ውጭ ክብሪት ጫሪባት። ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ሸትታ አመድ ትሆናለች። ፖሊስተር ከሆነች እንደ ፌስታል ትቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ትሆናለች። ከፊት ለፊት ግን አንዲት ክር እንዳትነኪ። እማማ ካልፈቀዱም ይቅር፣ ለእኔ ጠርዙና ጀርባው በቂ ነው።


ሐዋሳ ሐይቅ ዳር

ተሳስቻለሁ። ኦሞውን አላሰብኩም። አዳማዋ፣ እማማን ይቅርታ ጠይቂልኝ። በዚህ መብራት ብቻ ያየኋቸውንና ሐሰተኛ ብዬ የመለስኳቸውን ሰዎች እያሰብኩ ነው አሁን። ባለፈው ዓመት አንድ ከሻሸመኔ የመጣ ልጅ የአባቱን የመለዮ አርማ አሳይቶኝ ነበር። ስልኩ አለኝ፣ ዛሬ እደውልለታለሁ።


ጡረተኛው ቴክኒሻን

ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። ቢሾፍቱ ነው የምኖረው፣ አየር ኃይል ውስጥ በጥገና ነው ያገለገልኩት። ስለ መብረቁ ፓች ማንም ስላላነሳ ልበል።

የወፍ ጥፍር ሁለት መብረቅ የያዘበት የቃኘው ሻለቃ አይደለም። የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ጠለፋ ክፍል ምልክት ነው። አሥመራ ውስጥ የአሜሪካኖች የሬዲዮ ጦር ሰፈር ነበረ፤ ከ1953 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ቃኘው ጣቢያ ተባለ። ስሙን ያገኘው ከዘማቾቹ ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። ሰፈሩ የተዘጋው በ1977 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ በእኛ 1969። አያትሽ ከኮሪያ በኋላ አሥመራ ነበሩ እንዴ?

ቃኘው የሚለው ስም ራሱ የፈረስ ስም ነው። ራስ መኮንን አባ ቃኘው ይባሉ የለ! ወደ ኮንጎ በእኛ 1952 የዘመተውም ጠቅል ብርጌድ ተባለ፣ የጃንሆይ የፈረስ ስም አባ ጠቅል ስለሆነ። የእኛ ሰው ክፍሉን በቁጥር ብቻ መጥራት አይወድም ነበር። ሐረር የነበረውን ሦስተኛ ክፍለ ጦር «አንበሳው ሦስተኛ» ካላልክ ቅር የሚለው አዛውንት እስከ ዛሬ አለ።


አዳማዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ እማማ እንዳለችው ከክብር ዘበኛ ከወጣ በኋላ አሥመራ ለጥቂት ዓመታት በሾፌርነት ሠርቷል። የመብረቁን ፓች አንድ አሜሪካዊ አገሩ ሊመለስ ሲል ከጃኬቱ ላይ ፈትቶ ሰጠው። ስሙን አታስታውሰውም፣ «ቀዩ ልጅ» ነው የምትለው። ቡና ይወድ ነበር አለች።


የጥልፍ ጀርባ

ይህንን ጻፊው። እባክሽ ዛሬውኑ በወረቀት ጻፊው። «የመብረቅ ፓች፣ አሥመራ፣ ከአሜሪካዊ ጓደኛ፣ አገሩ ሊመለስ ሲል» ብለሽ። እንዲህ ዓይነት ፓች ብዙ ገበያ ላይ አለ፣ ከሰጪው እጅ እስከ ተቀባዩ ሳጥን ያለው መንገድ የሚታወቅለት ግን ጥቂት ነው።


ሰልባጅ ተራ

ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ ይህ ክንድ ላይ ጨርቅ መስፋት ከየት መጣ? ደንበኞች ይጠይቁኛል፣ መልስ የለኝም።


የጥልፍ ጀርባ

ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልርዘም። የአሜሪካኖች ታሪክ ስለሆነ ወሩም ዓመቱም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1862፣ ፊሊፕ ካርኒ የተባለ ጄኔራል የእሱን ክፍል ሰዎች ከሌላው ለመለየት ቀይ ቁራጭ ጨርቅ ኮፍያቸው ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። በማግስቱ ዓመት ክፍሉ ለነበረበት ለፖቶማክ ጦር ሁሉ በየኮሩ ምልክት ወጣ። የዛሬው ዓይነት የክንድ ፓች ግን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው የመጣው። እንግሊዞች በየክፍለ ጦራቸው ምልክት ነበራቸው። ከአሜሪካኖች በ1918 ቀድሞ ያሰፋው 81ኛው ክፍለ ጦር ነው፣ የዱር ድመት ምስል ያለበት። ሌሎቹ ክፍሎች ይህ ለምን ይፈቀድለታል ብለው ቅር አላቸው፣ በመጨረሻ ሁሉም የየራሱን እንዲያወጣ በጥቅምት 1918 ተፈቀደ። የ7ኛው ሁለት ሰባቶችም በዚያው ዘመን የመጡ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ጨርቁ ብዙ ነገር አይቷል። 45ኛው ክፍለ ጦር የአሜሪካ ሕንዶችን ጥንታዊ የጠማማ መስቀል ቅርጽ ነበር የሚለብሰው። ናዚዎች ያንን ቅርጽ ሲይዙት ጊዜ ጥለውት በ1939 የነጎድጓድ ወፍ አደረጉ። በ1944 ደግሞ ወደ ኖርማንዲ ከመሻገራቸው በፊት ጀርመንን ለማታለል የሌለ ጦር ፈጠሩ፤ ለሌሉት ክፍለ ጦሮች እውነተኛ የሚመስል ፓች አሠርተው ነበር። አንድም ወታደር ያልነበረው ክፍለ ጦር ፓች ዛሬ በሰብሳቢ እጅ አለ።

በእኛ አገር ጨርቁ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። ለምድ ማን ለበሰ፣ ጎፈር ማን አሠረ፣ ይህ ሁሉ ገና ከሩቅ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሠራ ይናገር ነበር። ለኔ ፓች የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። ለዚህ ነው ከሸሚዝ ላይ ሲፈታ የሚያመኝ።


ሰልባጅ ተራ

እኔ አርባዎቹን ሁሉ ፈትቼ ነው የያዝኳቸው። ጃኬቱን ለመሸጥ ስለሚያስቸግር ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አልፈታም። የፈታኋቸውንም ከምን ዓይነት ልብስ እንደወጡ የማስታውሰውን እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ሰዎች አሁን ያለውን የመከላከያ ፓችና ሙሉ ልብስ ታገኛለህ ወይ ብለው ይጠይቁኛል።


ጡረተኛው ቴክኒሻን

ልጄ፣ እሱን አትንካው። አትግዛ፣ አትሽጥ፣ በእጅህ አይገኝ። በሥራ ላይ ያለ ሠራዊት ምልክት የሠራዊቱ ነው፣ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ሰው ይታለልበታል፣ አንተም ትጠየቅበታለህ። እኛ የምንሰበስበው ባለቤቶቹ ጡረታ የወጡበትን ወይም አፈር የለበሱበትን ነው።

ስለ አገራችን አርማዎች ዘመን መለየት ለምትፈልጉ፦ አንበሳውን ተመልከቱ። ዘውድ የጫነና መስቀል ያለው ዘንግ የያዘ ከሆነ የጃንሆይ ዘመን ነው። ዘውዱ ወልቆ የዘንጉ ጫፍ ጦር ከሆነ ከአብዮቱ ወዲያው ወዲህ ያለው አጭር ጊዜ ነው። ይህ በጣም ጥቂት ጊዜ ስለቆየ ትንሽ ነው የተረፈው፣ ሰው ግን የተበላሸ አንበሳ እየመሰለው ይጥለዋል። ከዚያ ማረሻው መጣ፣ በኋላ ደግሞ ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሲታወጅ ሌላ አርማ። የአዳማዋ የናስ ቁልፍ ዘውድ ያለው ይመስላል። ሜዳልያ ያላችሁ ደግሞ ጀርባውን አገላብጡ፤ የጃንሆይ ዘመን ከሆነ ሴቫጂያን የሚል ማኅተም ልታገኙ ትችላላችሁ፣ አዲስ አበባ የነበረ አርመናዊ ጌጥ ሠሪ ነው።

የራሴን አልሸጥም። ሁለት አሉኝ፣ አንዱ ከኤፍ 5 ተዋጊ አውሮፕላን ዘመን፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ቱታዬ ላይ የነበረ። የሞተር ዘይት ጠብታ አለበት። ልጄ እናጽዳው ስትለኝ እሺ አላልኩም።


ፎቶ ብቻ

ሁላችሁንም ሳነብ ቆይቼ ነው። እኔ ሰብሳቢ አይደለሁም፣ ሰብሳቢ መሆንም አልችልም። አባቴ በደርግ ጊዜ ወደ ሰሜን ሄዶ አልተመለሰም። ያለኝ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፣ ክንዱ ላይ ምልክት አለ፣ ግን ደብዝዟል። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ጋ ብዙ የደርግ ዘመን ፓቾች አየሁና ከፎቶው ጋር ላመሳስል ብዬ ሄድኩ። ከየት እንዳገኛቸው ስጠይቀው «ከየቤቱ» አለኝ። የማን እንደነበሩ የሚል አንድም ጽሑፍ የለም። ስሞች ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፈው የነበሩትን «ንጹሕ እንዲሆን» ብሎ አጥቧቸዋል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ጀርባው ላይ ስም ካለ አትፍቁት። የአንዱ ቤት ሰው ይፈልገው ይሆናል።


ጡረተኛው ቴክኒሻን

ልጄ፣ ልቤን ነካሽው። ጓደኞቼን አስቀርቻለሁ በዚያ መንገድ። ፎቶውን በደንብ በሚያነሳ ስልክ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ከመስታወቱ አውጥተሽ አንሺው። ምልክቱን ብቻ አትመልከቺ፤ የኮፍያው ዓይነት፣ የቀበቶው ማሰሪያ፣ ከኋላው ያለው ሕንፃ ወይም ዛፍ፣ ጀርባው ላይ ያለው የፎቶ ቤት ማኅተም፣ እነዚህ ተደማምረው ነው የሚናገሩት። የፎቶ ቤቱ ከተማ ከታወቀ የሠለጠነበት ሰፈር ሊገመት ይችላል። የመጨረሻዋን ደብዳቤ የጻፈበት ፖስታ ካለም ቴምብሩን አትቁረጪ። ለብቻ ላኪልኝ፣ በመጦሪያ ማኅበራችን ዕድሜያቸው የገፋ የእግረኛ ጦር ሰዎች አሉ፣ አንድ በአንድ አሳያቸዋለሁ።


ፎቶ ብቻ

እልክልዎታለሁ ጋሼ። ዕድሜ ይስጥልኝ።


ሐዋሳ ሐይቅ ዳር

ሻሸመኔ ደወልኩ። ልጁ አልሸጠውም ነበር። እሑድ አብረን እናየዋለን።

አዳማዋ፣ አሁን ሸሚዙን እንዴት ልታስቀምጪው ነው? አዳማ ሙቀትም አቧራም ስላለ ብረት ሳጥኑ ውስጥ መልሰሽ እንዳትዘጊበት። ብረቱ ሲዝግ ዝገቱ ጨርቅ ላይ ይወጣል፣ የዝገት ቢጫ ደግሞ አይለቅም።


የጥልፍ ጀርባ

በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከሐዋሳው ጋር ነኝ። እንዲህ አድርጊ። ያልተነከረ አቡጀዲ ግዢ፣ በሙቅ ውኃ ያለ ሳሙና አጥበሽ አድርቂው። ሸሚዙን ስታጥፊ ፓቹ ላይ እጥፋት እንዳይመጣ በተቃራኒው በኩል እጠፊ፣ በየእጥፋቱ የተጠቀለለ አቡጀዲ አግቢበት፣ ከዚያ በአቡጀዲው ሸፍነሽ ካርቶን ውስጥ ከወለል ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጪ። ፌስታል አይሆንም፣ ያልበዋል። ናፍታሊን ጨርቁን እንዳይነካ። ብል ከጀመረው (ሱፍ ካለበት ነው በተለይ የሚበላው) በፌስታል አጥብቀሽ አሥረሽ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ፣ ካወጣሽው በኋላ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ሳትፈቺው ቆይ። ኮላ፣ ስኮች፣ የፎቶ አልበም ማጣበቂያ፣ እነዚህ ፓች ገዳይ ናቸው። ካውያም ከእንግዲህ ይቅር። ማሳየት ከፈለጋችሁ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ፤ ቀዩ ቶሎ ነው የሚነጣው።

ዋጋውን አልጠየቅሽም፣ እኔም አልነግርሽም። ግን ያ 1,500 ብር የሰጠ ሰው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ፎቶውን፣ ሸሚዙንና ሳጥኑን አብረው ካልሆነ ለያይታችሁ እንዳትሰጡ።


አዳማዋ

ትናንት እማማ ጋ ቁጭ ብዬ ስልኬን ቀረጻ ላይ አድርጌ ጠየቅኳት። ሁለት ሰዓት ከሩብ አወራች። እስከ ዛሬ የኮሪያን ወሬ የምንሰማው ከአባባ ብቻ ነበር፣ እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ትውልዷ እዚሁ ነው፣ ያኔ ናዝሬት ነበር ስሟ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆና ነው አሉ፣ ከታላቅ እህቷ ጋር ባቡር ጣቢያ ቆሎ ይዛ ቆማ፣ ወታደር የሞላበት ባቡር ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ ያየችው። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ወታደሮቹ በመስኮት ይዘፍናሉ። ቆሎዋን በሙሉ በነፃ ሰጠች፣ እቤት ስትገባ ተገረፈች። አባባ ከዚያ ባቡር ላይ ይሁን ከኋለኛው አታውቅም፤ እሱን ያገኘችው ከዓመታት በኋላ ነው። እሱ ግን ሁልጊዜ «ቆሎሽን በልቻለሁ» ይላት ነበር። እሷም አንድም ቀን ውሸት ነው አላለችውም።

ስለ ፓቹም ጠየቅኳት። አባባ ስለ ኮረብታው ብዙ አይናገርም ነበር። ለአድዋ በዓል ሸሚዙን ሲለብስ ግን ቀዩን ክብ በመዳፉ ይሸፍንና ሦስት የወንድ ስም ይጠራ ነበር፣ ሁልጊዜ ሦስት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል። ስሞቹን እስከ ዛሬ በቃሏ ታውቃቸዋለች። ከፎቶው ላይ የትኞቹ እንደሆኑም አሳየችኝ። ከፎቶው ጀርባ ሳይሆን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው።

አጎቴም ሰማ። ሸሚዙ አይሸጥም ብሏል። አቡጀዲ ነገ እገዛለሁ።


ጡረተኛው ቴክኒሻን

ልጄ፣ ሦስቱን ስሞች ለእማማ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸውና በትክክል መጻፍሽን አረጋግጪ። የአባት ስምም ካስታወሱ ጨምሪ። የዘመቱት ከ3,000 በላይ ናቸው፣ የወደቁት ከ120 በላይ። አንድም አልተማረከም። አፍንጮ በር አካባቢ የመታሰቢያ ሐውልት አላቸው፣ ኮሪያ ውስጥ ቹንቾን ከተማም እንዲሁ። ስሞቹን ይዘሽ አዲስ አበባ ያለው ዘንድ ሂጂ፣ እማማንም ጉልበታቸው ከፈቀደ ይዘሻቸው ሂጂ።


አዳማዋ

ጠየቅኳት ጋሼ። «ባቡር ካለ እሄዳለሁ» አለች። ነይ በመኪና እንሂድ ብያት እሺ አላለችም፣ የአዲሱን ባቡር የጉዞ ቀን ላጣራ ነው። ጥቁሩን ክር እንዳትፈቱብኝ ብላለች ደግሞ።


የጥልፍ ጀርባ

ጥቁሩን ክር ማንም አይፈታውም። የሁለቱንም ስፌት ለየብቻ ፎቶ አንሺና ከሥራቸው የማን እንደሆኑ ጻፊ። ሰልባጅ ተራ፣ አርባዎቹን ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ የቡና ጠረጴዛውን አጸዳለሁ። ሐምራዊ መብራቱንም ይዘህ ና።